ሁለት የበጋ ጎማዎች በእርጥብ አስፋልት ላይ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

የዛሬውን ትምህርታዊ ዝግጅት በአንድ ስሌት እጀምራለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ አያስፈልጋችሁም፤ አብራችሁኝ ብቻ አስቡ።

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን በሰዓት 60 ማይል ይጓዛሉ። መንገዱ በዝናብ ርሷል። ሁለቱ ሾፌሮች በአንድ ቅጽበት እኩል ፍሬን ይይዛሉ። አንደኛው መኪና 45 ሜትር ሄዶ ቆመ። ሁለተኛው ለመቆም 48 ሜትር ፈለገ። ልዩነቱ 3 ሜትር ነው፤ የአንድ ትንሽ መኪና ርዝመት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፦ የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ሲደርስ በምን ያህል ፍጥነት እየሄደ ነው?

አብዛኛው ሰው «ሊቆም ምንም አልቀረውም፤ ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ማይል ነው» ይላል። መልሱ በሰዓት 15 ማይል ነው፤ በኪሎ ሜትር ሲሆን 24። ፍሬን ማጥፋት ያለበት ጉልበት የሚሰላው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ መኪና ፍጥነቱን በየሜትሩ በእኩል እየቀነሰ አይመጣም። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሜትር ሄዶ ጥቂት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቀሪውን ፍጥነት የሚጥለው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው። 15 ማይል ደግሞ እግረኛን አንሥቶ የሚጥል ፍጥነት ነው። መኪኖቹ በሌላው ነገር ሁሉ እኩል ከሆኑ፣ ያቺን 3 ሜትር ያመጣት ጎማው ነው።

ዛሬ የምናወዳድራቸው ሁለት ጎማዎች ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ፎር ኤስ እና ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ስፖርት ይባላሉ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ገበያ ላይ የወጡ፣ ለኃይለኛ መኪና የተሠሩ የበጋ ጎማዎች ናቸው። ሚሽሊኑ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል፤ ኮንቲኔንታሉ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ነው። እነዚህን ሁለቱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ከምትኖሩት አድማጮቻችን መካከል ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ ወይም ቴስላ የምትነዱ አላችሁ። መኪናውን ያገለገለ ገዝታችሁ፣ በላዩ ላይ ያገኛችሁት ጎማ ሲያልቅ አራቱን ለመቀየር የተጠየቃችሁት ዋጋ ያስደነገጣችሁም ትኖራላችሁ። ቴስላ ሞዴል ስሪ ፐርፎርማንስ መጀመሪያ ሲወጣ ባለ 20 ኢንች ቸርኬው ላይ የተገጠመለት ይኸው ፓይለት ስፖርት ፎር ኤስ ነበር። ጎማ ሻጩ ሁለቱን ስም ደርድሮ «የቱን ልስጥህ?» ሲላችሁ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ አውቃችሁ ብትገቡ ደስ ይለኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። እነዚህ ጎማዎች አዲስ ሆነው በደረቅ አስፋልት ላይ ሲነዱ በጣም ይቀራረባሉ። ሕግ በሚፈቅደው ፍጥነት የሚሄድ ሾፌር በመካከላቸው ያለውን የመቆሚያ ልዩነት አያገኘውም። እውነተኛው ጥያቄ የሚመጣው መንገዱ ሲርስና ጎማው ግማሽ ያህሉ ሲያልቅ ነው። ሻጭም ማስታወቂያም ስለዚያ ሰዓት ብዙ አያወሩም፤ እኛ ግን ከጎማችን ዕድሜ ግማሹን የምናሳልፈው በዚያ ሁኔታ ላይ ነው።

ስለ ፋብሪካዎቹ አጭር ነገር ላንሣ። ኮንቲኔንታል እ.ኤ.አ. በ1871 በጀርመን ሃኖቨር ከተማ የተመሠረተ ነው። ሚሽሊን ደግሞ በ1889 በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን በወንድማማቾቹ አንድሬና ኤድዋር ሚሽሊን ተቋቋመ። ዛሬ ሁላችንም የምንነዳበትን ራዲያል ጎማ በ1946 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሚሽሊን ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ትልቅ የሙከራ ሜዳ አላቸው፤ ሚሽሊን በክሌርሞን ፌራን አጠገብ ላዱ በተባለ ቦታ፣ ኮንቲኔንታል በሃኖቨር አቅራቢያ። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱም ልምድ የሌለው ጀማሪ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጎማ አስፋልትን የሚይዘው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ አስፋልቱን የሚነካው የጎማ ክፍል ምን ያህል እንደሆነ እናስላ። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ውሰዱ። እያንዳንዱ ጎማ 400 ኪሎ ይሸከማል። ጎማው በ35 ፒኤስአይ ንፋስ ከተሞላ፣ ያን ክብደት ለመሸከም መሬት የሚነካው ስፋት 160 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ጎኗ 13 ሳንቲ ሜትር የማትሞላ አንዲት አራት ማዕዘን ማለት ነው። ቤተሰባችሁን ጭናችሁ ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ ላይ ስትጓዙ ከመንገዱ ጋር የምታገናኛችሁ በየጎማው ሥር ያለችው ይህች ቦታ ብቻ ናት።

በዚህች ቦታ ላይ ጎማው የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጣበቅ ነው። ጎማውና አስፋልቱ እጅግ ሲቀራረቡ በሞለኪውል ደረጃ ይሳሳባሉ። ይህ መሳሳብ ንጹሕና ደረቅ ገጽ ይፈልጋል፤ በመካከሉ ስስ የውሃ ሽፋን ከገባ አብዛኛው ኃይሉ ይጠፋል። ሁለተኛው መንገድ ይለያል። አስፋልት ከሩቅ ልሙጥ ቢመስልም በጠጠር ጫፎች የተሞላ ነው። ጎማው በጫፎቹ ላይ ሲጫን ይሰረጉዳል፤ ጠጠሩን አልፎ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ደግሞ ትንሽ ይዘገያል። በዚያ መዘግየት ውስጥ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ መኪናውን የሚያዘገየውም ይህ የሚጠፋው ጉልበት ነው። ዝናብ ሲዘንብ በዋናነት የሚቀርልን ይኸኛው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ የጎማ ሠሪዎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲታገሉት ኖረዋል። ጉልበት የሚያባክን ጎማ ፍሬን ሲያዝ ጥሩ ነው፤ ዝም ብሎ ሲንከባለል ግን ያው ብክነት ነዳጅ ይበላል፣ ጎማውንም ያሞቃል። ታዲያ ሲንከባለል የማያባክን፣ ሲንሸራተት ግን የሚያባክን ጎማ እንዴት ይሠራል? መልሱ የሚገኘው በድግግሞሹ ልዩነት ነው። በ60 ማይል የሚሄድ ባለ 18 ኢንች ጎማ በሰከንድ 13 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ስለዚህ አንዱ የጎማ ክፍል መሬት ላይ የሚጫነው በሰከንድ 13 ጊዜ ነው። ፍሬን ተይዞ መንሸራተት ሲጀምር ግን በእያንዳንዷ የጠጠር ጫፍ ላይ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይሰረጉዳል፣ ይመለሳል። በዝግታው ጊዜ የሚቆጥብ፣ በፍጥነቱ ጊዜ የሚያባክን ድብልቅ ከተገኘ ሁለቱም ጥቅም ይገኛል። ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1992 ጎማን የሚያጠቁረውንና የሚያጠነክረውን የካርቦን ጥቀርሻ በአብዛኛው በሲሊካ ተክቶ ገበያ ያወጣው ጎማ ይህን በተግባር አሳየ። ሲሊካ ከአሸዋ ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፤ ወደ ጎማው የሚገባው ግን እጅግ ከላመ በኋላ ነው። ዛሬ ጥሩ የመንገድ ጎማ የሚሠራ ሁሉ ሲሊካ ይጠቀማል።

ሁለቱን ጎማዎቻችንን በዚህ ዓይን እንያቸው።

ሚሽሊኑ ሁለት ዓይነት ድብልቅ በአንድ ጎማ ላይ አለው። ወደ ውጭ በሚዞረው ግማሽ ላይ ያለው ድብልቅ ለደረቅ መንገድና ለመታጠፊያ የተሠራ ነው። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ በውጭኛው ጎማ ውጭኛ ትከሻ ላይ ያርፋልና፣ ጥንካሬ የሚፈለገው እዚያ ነው። ወደ ውስጥ በሚዞረው ግማሽ ላይ ሲሊካ የበዛበት ለእርጥብ መንገድ የሚሆን ድብልቅ ገብቷል። ይህ አሠራር ከእሽቅድምድም፣ በተለይም ከሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ልምድ የመጣ ነው። ከላስቲኩ ሥር ደግሞ ጎማውን ዙሪያውን የሚያስር የናይለንና የአራሚድ ክር አለ። አራሚድ የጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት የክር ቤተሰብ ነው። ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ወደ ውጭ መለጠጥ ይፈልጋል፤ አራሚዱ ያንን ይይዘዋል። ስለዚህም መሬት የሚነካው ክፍል ፍጥነት ሲጨምር ቅርጹን አይለቅም።

ይህ ሁሉ መሪው ላይ ይታወቃል። ሚሽሊን የገጠመ መኪና መሪውን ገና ስትነኩት ይመልስላችኋል፤ በመታጠፊያ መካከል ጎማው ምን ላይ እንዳለ በእጃችሁ ይሰማችኋል። መንዳት ለሚወድ ሰው ይህ ደስታ ነው፣ እኔም አላናንቀውም። ግን ደስታና የመቆሚያ ርቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኮንቲኔንታሉ ጎኑ ትንሽ ይለሰልሳል። መሪው ላይ የሚሽሊኑን ያህል የሰላ ስሜት አይሰጥም፤ በተሰነጠቀ አስፋልትና በድልድይ መገጣጠሚያ ላይ ሲያልፍ ግን ያነሰ ያንገጫግጫል። እኔ በዚህ ጎማ ላይ ከሁሉም በላይ የምወደው አንድ ሌላ ነገር ነው። መኪናችሁ ከጎናችሁ ቆሞ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ጥርስ ብታዩት፣ በላስቲኩ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸው ታገኛላችሁ፤ ዲ እና ደብሊው። ዲ ለደረቅ ነው፣ ደብሊው ለእርጥብ። ፊደላቱ የተቀረጹት በተለያየ ጥልቀት ስለሆነ ጎማው እየተበላ ሲሄድ ቀድሞ የሚጠፋው ደብሊው ነው። ዲ ብቻዋን ከቀረች ጎማው ሕጋዊ ነው፣ በደረቅ መንገድም ያገለግላል፤ በዝናብ ግን የድሮው ጎማ አይደለም።

ለዚህ ይህን ያህል ትኩረት የሰጠሁት ለምን እንደሆነ በቁጥር ላስረዳ። መንገዱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ ተኝቷል እንበል። በዲሲ አካባቢ የሐምሌ ነጎድጓድ ሲወርድ ይህ ብዙ አይደለም። አስፋልት የሚነካው የጎማ ስፋት 21 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ60 ማይል የሚሄድ አንድ ጎማ በየሰከንዱ 17 ሊትር ያህል ውሃ ከፊቱ ያገኛል። አገር ቤት ውሃ የምንቀዳበትን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አስቡት። እያንዳንዱ ጎማ ጥቂት የጎደለ አንድ ጀሪካን ውሃ በየሰከንዱ ከሥሩ ማውጣት አለበት። ከፊሉን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ከፊሉን በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ተቀብሎ ወደ ኋላ ያወጣዋል። ማውጣት ካልቻለ ውሃው ጎማውን ከመሬት ያነሣዋል፤ መኪናው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዙም።

አሁን ቦዮቹን አስቡ። እነዚህ ጎማዎች አዲስ ሲሆኑ የቦያቸው ጥልቀት ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ስቴቶች ጎማ መቀየር አለበት የሚባለው 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 2/32 ኢንች። አገር ቤት ሊሾ የምንለው ሊሆን አንድ ሐሙስ የቀረው ማለት ነው። በዚያ ጥልቀት ላይ ቦዩ ከአዲሱ ውሃ የመያዝ አቅም አንድ አራተኛውም የለው። ሕጉ ይፈቅዳል ማለት ውሃው ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ለዝናብ 4/32 ኢንች፣ ማለትም 3.2 ሚሊ ሜትር ላይ መቀየር እንደሚገባ አምናለሁ። መለኪያው በኪሳችሁ አለ፤ የ25 ሳንቲሙን ኳርተር የዋሽንግተንን ራስ ወደ ታች አድርጋችሁ ቦዩ ውስጥ አስገቡት። የጸጉሩ ጫፍ ሳይሸፈን ሙሉ በሙሉ ከታየ ከ4/32 በታች ወርዳችኋል።

ኮንቲኔንታሉ ይህንን በደብሊው ፊደል ለማንም ሰው ያሳያል። ሚሽሊኑም እንደማንኛውም ጎማ በቦዩ ውስጥ የማለቂያ ምልክት አለው፤ ያ ምልክት ግን የሚናገረው መጨረሻውን ብቻ ነው። ኮንቲኔንታሉ በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ሌላ ምልክትም አለው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ካልተበላ ኮንቬርጀንሳው ተዛብቷል ማለት ነውና ወደ ጋራዥ መሄድ አለባችሁ።

አንዳንድ አድማጮች «ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥርስ?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ በአሜሪካ በሚሸጥ ጎማ ጎን ላይ የመንግሥት ደረጃ የሚባሉ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፤ የአበላል ቁጥር፣ የመያዝ ደረጃ፣ ሙቀት የመቋቋም ደረጃ። ሚሽሊኑ 300፣ ኤኤ፣ ኤ ነው። ኮንቲኔንታሉ 340፣ ኤኤ፣ ኤ ነው። ታዲያ ኮንቲኔንታሉ ይበልጥ ዕድሜ አለው ማለት ነው? ከዚህ ቁጥር ብቻ እንደዚያ ማለት አይቻልም። የአበላል ፈተናው የሚካሄደው በቴክሳስ ሳን አንጀሎ አካባቢ 400 ማይል በሆነ ዙሪያ መንገድ ላይ በድምሩ 7,200 ማይል ተነድቶ፣ 100 ከተባለ መለኪያ ጎማ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ራሱ ፋብሪካው ነው። አንዱ ኩባንያ ጠንቀቅ ብሎ ዝቅ አድርጎ ሊሰጥ ይችላል፤ ሌላው ከፍ አድርጎ። ስለዚህ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ጎማዎችን ለማነጻጸር ይረዳል፤ የሁለት ፋብሪካዎችን ጎማ ለማነጻጸር አይበቃም። ኤኤ የሚለውም ቢሆን የሚለካው በእርጥብ መንገድ ላይ ጎማው ተቆልፎ ቀጥ ብሎ ሲንሸራተት ነው፤ ስለ መታጠፊያ ምንም አይነግራችሁም።

የማይል ዋስትናቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም 30,000 ማይል። የፊትና የኋላ ጎማው መጠን የተለያየ መኪና ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ የፊቱን ከኋላው ማለዋወጥ ስለማይቻል የኋላው ጎማ ዋስትና በግማሽ ይወርዳል።

ይህን ካልኩ ዘንድ በኡበርና በሊፍት ለምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ በቀጥታ ልናገር። በዓመት 40,000 ወይም 50,000 ማይል የምትነዱ ከሆነ ከሁለቱ አንዱንም አትግዙ። ጥሩ ጎማዎች ናቸው፤ ለሥራ መኪና ግን አይደሉም። በአንድ ዓመት ውስጥ ያልቃሉ፣ ትርፋችሁንም ይዘው ይሄዳሉ። እነዚሁ ፋብሪካዎች ለኃይለኛ መኪና የሚሠሯቸው የአራቱም ወቅት ጎማዎች አሉ። ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ኦል ሲዝን ፎር የ45,000 ማይል ዋስትና አለው፤ ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ዲደብሊውኤስ ዜሮ ሲክስ ፕላስ የ50,000። በዚህኛው ላይ ከዲ እና ከደብሊው ቀጥላ ኤስ የምትባል ፊደል አለች፤ እርሷ ለበረዶ ናት፣ ቀድማም የምትጠፋው እርሷ ናት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ስለ ብርድ። ስለዚህ ነገር ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል አትቀየሙኝ፤ ሰው የሚጎዳበት ነገር ነውና።

የበጋ ጎማ ለደረቅ መንገድ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፤ በሞቃት ዝናብ ላይ እንደ ጥሩ የበጋ ጎማ የሚያቆም የለም። የበጋ ጎማ ጠላቱ ብርድ ነው። ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ቅድም ያልነው በጠጠር ጫፍ ላይ መሰርጎዱ ይቀራል፣ ጎማውም እንደ ጠንካራ ነገር ከላይ ከላይ ይንሸራተታል። የሙቀቱ ድንበር 45 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 7 ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከዚያ በታች በረዶም ዝናብም ባይኖር፣ መንገዱ ደረቅ ቢሆንም እንኳ፣ የመያዝ አቅማቸው እየከዳ ይሄዳል። በዲሲ አካባቢ ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት አብዛኛው ማለዳ ከዚህ በታች ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሚሽሊን፣ ፓይለት ስፖርት ፎር ኤስ ከ20 ዲግሪ ፋራናይት በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች ወደ 7 ሴልሺየስ ከቀዘቀዘ፣ ጎማው ቢያንስ 40 ዲግሪ ፋራናይት ባለበት ቦታ ለ24 ሰዓት ሳይሞቅ እንዳይነቃነቅ ያስጠነቅቃል። ጥርሱ ሊሰነጠቅ ይችላልና። ጋራዥ የሌለው፣ መኪናውን ደጅ የሚያሳድር ሰው ይህን ማሟላት አይችልም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አንድ ስብስብ ጎማ ብቻ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ሁለቱም የበጋ ጎማዎች አይሆኑትም። ይህን የምለው ያለ ምንም ማመንታት ነው።

አዲስ አበባ ላለ ዘመዳችሁ እንዲህ ያለ ጎማ ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። የአዲስ አበባ ብርድ ለበጋ ጎማ የሚያሰጋ አይደለም። እዚያ የሚያሰጋው የጎማው ጎን አጭርነት ነው። 245 በ40 በ18 የሚባለውን መጠን ብትወስዱ፣ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው ላስቲክ 98 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት ከገባ በቸርኬውና በአስፋልቱ ጠርዝ መካከል ይጨፈለቃል፣ ጎኑም ያብጣል። ጎሚስታ በጥርሱ በኩል የገባ ሚስማር ነቅሎ ሊደፍን ይችላል፤ ጎኑ ያበጠ ጎማ ግን አይጠገንም፣ መጣል አለበት።

እንግዲህ የቱን ልግዛ ለሚለው። መኪናችሁ ኃይለኛ ከሆነ፣ መሪው ላይ ያለው ስሜት ለእናንተ ዋጋ ካለው፣ የዋጋውን ልዩነት ለመክፈል አቅሙ ካላችሁና ለክረምቱ ሌላ ስብስብ ካዘጋጃችሁ ሚሽሊኑን ግዙ፤ አትቆጩም። መኪናውን የምትነዱት ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለመሄድ፣ ወዳጅ ለመጠየቅ ከሆነ እኔ ኮንቲኔንታሉን እመክራለሁ። ዋጋው በአብዛኛው ከሚሽሊኑ ያነሰ ነው። በእርጥብ መንገድ ላይ በአዲስነቱ አያሳፍርም። ጎማ ለማየት ጊዜ ለማያገኝ ሰውም ጎማው ራሱ «ለዝናብ አበቃሁ» ብሎ ይነግረዋል። ዝናቡን ለማያስተውል ሾፌር፣ በመሪ ስሜት ከሚቀድመው ጎማ ይልቅ ለዝናብ ማብቃቱን ራሱ የሚናገረው ጎማ ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ ጎማው የተሠራበትን ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ስፖርት ዜሮ ቱ የሚባል ተተኪ አውጥቷል፤ ሚሽሊንም በዚያው ዓመት ፓይለት ስፖርት ኤስ ፋይቭን አስተዋውቋል። ስለዚህ በቅናሽ የሚሸጥላችሁ የቀድሞው ጎማ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ከሚገኙት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 3521 ካለ በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሙሉው ጽሑፍ በአንዱ ጎን ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ቸርኬው ላይ ከመገጠሙ በፊት እዩት። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ጎማዎች ውስጥና ውጭ ስላላቸው «አውትሳይድ» የሚለው ጽሑፍ በአራቱም ላይ ወደ ውጭ መዞሩን አረጋግጡ። ተገልብጦ ከተገጠመ ያ ሁሉ የሚሽሊኑ የሁለት ድብልቅ ጥበብ ቦታውን ይስታል። ሦስተኛ፣ ሁለት ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይገጠሙ። ብዙ ሰው አዲሱን ከፊት ማድረግ ይወዳል። ነገር ግን በዝናብ ላይ የፊቱ ጎማ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እግራችሁን ከቤንዚኑ ስታነሡም ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፣ ለመመለስም ጊዜ አይሰጥም።

ንፋሱን በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ በተለጠፈው ቁጥር አስሞሉ፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የጎማው ከፍተኛ ልክ ነው፣ የመኪናችሁ አይደለም። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር 1 ፒኤስአይ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ወቅት ሲቀየር ደግማችሁ ለኩት።

አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ትንሽ በላዩ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን 500 ማይል በለሰለሰ እግር ንዱ፤ በተለይ ዝናብ ከሆነ ከፊታችሁ ካለው መኪና ከወትሮው የበለጠ ራቁ። ከ50 እስከ 100 ማይል ከነዳችሁ በኋላም ወደ ገጠመላችሁ ጋራዥ ተመልሳችሁ ዳዶዎቹን በመለኪያ ቁልፍ አስጠብቁ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የክረምት ጎማን እናያለን።

(የመውጫ ሙዚቃ)